ዳሩን እናቷ ትያዝ

ሽታዬን የሚያውቅ ሁሉ ምላሷንም መቀሷንም ያውቃል፤ ሁለቱም ስለታም ናቸው። ከእንጅባራ መናኸሪያ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናዋን ረግጣለች። ሱሪ ትሰፋለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ሲመጣላትም የቄስ ካባ ትሰፋለች። በዚህ ሁሉ ዘመን "ይኼንስ አልችለውም" ብላ የመለሰችው ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ከሆነ ነገር ጋር መላተሙ አይቀርም፤ ሽታዬ የተላተመችው ከስምንት ቁራጭ ጨርቅ ጋር ነው። ይኼን ስትሰሙ እንዳትስቁ፤ እሷ ፊት ደግሞ ፈጽሞ እንዳትስቁ።

ሥራውን ያመጡላት ጎረቤቷ እማማ ይታይሽ ናቸው። የእማማ ይታይሽ ምራት ትዕግስት ሦስት ልጅ ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። የመጀመሪያው በሳምንቱ ሄደ፣ ሁለተኛዋ በወሯ። ሦስተኛው፣ ያ የሁሉም አንጀት የተላወሰበት ልጅ፣ አርባ ቀኑን ሊደፍን፣ ክርስትና ሊነሳ ሁለት ቀን ሲቀረው አረፈ። ድፎው ሊጥ ሆኖ፣ ጠላው ተጠንስሶ ነበር። አራተኛዋ ሴት ልጅ ስትወለድ ሰው ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ አለና ቶሎ ቶሎ ወጣ። ልጅቱ ግን ጠባች፣ ወፈረች፣ ጉንጯ ሞላ። አሁን ሰባ ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ ነገ ጠዋት በሰማንያኛ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች።

ትዕግስት አላመነችም። ለልጇ አንዲት ካልሲ እንኳ አልገዛችላትም፤ ያለችው በሰው ልብስ ነው። መንገድ ላይ "ልጅሽ እንዴት ናት?" ሲሏት "እስካሁን አለች" ትልና ዐይኗን መሬት ላይ ትጥላለች። ይኼን ስትሰማ ሽታዬ ትናደድ ነበር። ስትናደድ የምትናደደው ግን በትዕግስት አይደለም፤ በማን እንደሆነ ቢጠይቋት መልሷ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ንስሐ የሚያስገባት ነው።

በእማማ ይታይሽ ቤት ከእናት ከአያት የመጣ ልማድ አለ። ልጅ የማይበረክትላት ስትወልድ፣ ልጆቻቸው ከበረከቱላቸው ቤቶች አሮጌ ጨርቅ ይለመናል። የተለመነው ይገጣጠምና ሕፃኑ ይጠቀለልበታል። ሞት ሲመጣ የማን ልጅ እንደሆነ ይምታታበታል፤ ስንት እናት ያለውን ልጅ ከማን እጅ ይነጥቃል ነው ነገሩ። ዙሪያው ግን የግድ ከወላጅ እናቱ ቀሚስ ነው፤ ያውም ልጁ ሆዷ ውስጥ ሳለ ከለበሰችው። "ዳሩን እናቱ ትያዝ" ይላሉ እማማ ይታይሽ። ቄሱ ይኼን ሰምተው ራሳቸውን ነቅንቀዋል፤ የገዛ ባለቤታቸው ግን ከሻሿ ቀድዳ ሰጥታለች።

እማማ ይታይሽ በሰባ ዓመታቸው አሥራ ሦስት ቤት ዞሩ። ለአንዷ ብለው ጥሊሊ ድረስ በሚኒባስ ሄደዋል። ከዚያ ከክርስትናው ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ጨርቁን በፌስታል ቋጥረው ሽታዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። የትዕግስት አረንጓዴ ቀሚስም አብሮ ነበር።

"እንዲያው አያይዘሽ ስፊልኝ፤ ጌጥ አልፈልግም" አሏት።

እዚህ ላይ ነው ሽታዬ አፏን የከፈተችው። "አያይዤ ከሰፋሁትማ ድሪቶ ነው! ክርስትናው ላይ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ድሪቶ ለብሳ መጣች ይበላት? እማማ፣ ከእኔ እጅ ድሪቶ አይወጣም። አራት ማዕዘኑን ሁሉ በጥጉ ነው የማቆመው፤ እንደ ቀርከሃ አጥር ዐይን። ያኔ ጌጥ ይሆናል።"

በሩ ላይ ልጇን አዝላ የቆመችው ትዕግስት "እትዬ፣ አይበላሽም?" አለች።

"እኔ የሰፋሁት?" አለች ሽታዬ። ከዚህ በላይ መልስ አልሰጠቻትም።

ጨርቁን ሁሉ እኩል ቆረጠችው። ተሰፍቶ ሃያ በሃያ ሳንቲ ሜትር እንዲመጣ፣ በየጎኑ አንድ ሳንቲ ለስፌት ትታ ሃያ ሁለት በሃያ ሁለት አደረገችው። በጥጋቸው አቁማ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት አድርጋ ደረደረቻቸው፤ አሥራ ሦስቱም ገቡ። የጥሊሊዋ ቀይ ከቄሱ ባለቤት ነጭ አጠገብ ዋለ፣ ሰማያዊው ከአበባማው ጋር ገጠመ፤ እውነትም ያምር ነበር። ዳሩ ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነ። በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስምንት ክፍት ቦታ ቀረ፤ አራቱ ጥግ ደግሞ እንዳለ ክፍት ነው። እነሱን በትዕግስት አረንጓዴ ቀሚስ መዝጋት ብቻ ነበር የቀራት። ይኼ ምን አላት? የአራት ማዕዘን ግማሹ ሦስት ማዕዘን ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅም ያውቀዋል። ብላ ለዋዜማው አሳደረችው። የናቁት ያስረግዛል ይባል የለ!

በዋዜማው ጠዋት ቀሚሱን ፈታታችው። ፊቱ በእጥበት ብዛት ሳስቶ ወንፊት ሆኗል። ደህና የሆነው ሁለት ቁራጭ ብቻ ነው፤ አንዱ ከላይ ከጀርባው የወጣ ትንሽ፣ ሌላው ከቀሚሱ ኋላ የወጣ ሰባ በሠላሳ አምስት የሚሆን። ሽታዬ ከትንሹ ጀመረች። ሁለት አራት ማዕዘን አወጣች፣ እንደ ሌሎቹ ሃያ ሁለት በሃያ ሁለት። ሁለቱንም ከጥግ እስከ ጥግ ለሁለት ከፈለቻቸው፤ አራት ሦስት ማዕዘን ሆኑ። አንዱን አንስታ ክፍቱ ላይ ሰፋችው።

ጫፉ አልደረሰም። ሊደርስ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ።

"ና እንጂ!" አለችው ጨርቁን። ጎተተችው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ መቼም ሲጎትቱት ይመጣል፤ መጣላት። ካውያ ስታሳርፍበት ግን ዳሩ እንደ ጎመን ቅጠል ተርገበገበ። ፈታችው። ሌላውን ሰፋች፤ ያው ነው። አራት ማዕዘኑን ለሁለት ስትከፍለው ለአዲሱ ዳር ስፌት የሚሆን አንድም ሳንቲ አልተወችለትም ነበርና፣ ስፌቱ ከራሱ ከጨርቁ በላ። ሃያ ስምንት ዓመት የሰፋች ሴት!

የቀረው ያ ሰባ በሠላሳ አምስት ብቻ ነው። እሱንም ካበላሸችው ሌላ የለም፤ ሌላ ቀሚስ የለም፣ ሌላ ቀን የለም። ከገበያ አረንጓዴ ጨርቅ ገዝታ ብትገጥመውስ ብላ ለአፍታ አሰበች፤ ወዲያው አፈረች። ትዕግስት ያንን ቀሚስ ዘጠኝ ወር ለብሳዋለች፤ የክሩን ብዛት ታውቃለች።

ይባስ ብሎ ያን ጊዜ ትዕግስት ራሷ መጣች። ሽታዬ አራቱን ብልሽት ሦስት ማዕዘኖች አፍሳ ወንበሯ ላይ ጣለችና ተቀመጠችባቸው።

"ደረሰ እንዴ እትዬ?"

"እየደረሰ ነው። ምን አስቸኮለሽ? ሂጂ ልጅሽን አጥቢ!"

ትዕግስት አልሄደችም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን አየችው፣ ክፍት ክፍት የሆነውን ዳሩንም አየችው። "ካልሆነም እንዳትጨነቂ" አለች ቀስ ብላ። "የእኔ ነገር ሁልጊዜም የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው።"

ይኼን ብላ ሄደች። ትዕግስት ያወራችው ስለ ጨርቅ አይደለም፤ ይኼን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ዳሩ ሳይገጥም ከቀረ ትዕግስት ነገ ልጇን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ልቧ ከወዲሁ ለቀብር ይዘጋጃል። ማንም ምንም ቢላት አትሰማም። ምናለ ድሪቶውን ድሪቶ አድርጌ ሰፍቼ ዝም ብል፣ አፌን በቆረጠው አለች ሽታዬ።

ከሱቋ ቀጥሎ የአያ አሳምነው የቀርከሃ ሥራ ቤት አለ። ወንበር፣ መደርደሪያ፣ መጋረጃ ይሠራሉ። ሽታዬና አያ አሳምነው ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሰላም አይባባሉም። ቀርከሃቸውን በእሷ ጣሪያ ላይ ደግፈውት ኖሮ ቆርቆሮው ተላቀቀና ዝናቡ በሙሽራ ሱፍ ላይ ወረደ። ሽታዬ ያን ቀን ያልወረወረችው ስድብ የለም፤ እሳቸውም ዝም ብለው የሚሰሙ ሰው አይደሉም። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።

ግን ሌላ የምትጠይቀው ሰው የለም። ደግሞስ "እንደ ቀርከሃ አጥር ዐይን" ያለችው ማን ሆነና? ተነስታ ሄደችና በራቸው ላይ ቆመች። አያ አሳምነው መሬት ላይ ተቀምጠው የአንድ ሆቴል መጋረጃ እየሠሩ ነበር። ስንጥሩ በሰያፍ ተጠላልፏል፣ ዐይኑ ሁሉ በጥጉ ቆሟል፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ግማሽ ግማሽ ዐይን ዘግቶታል። ቀጥ ያለ፣ ያልተንሻፈፈ። ሽታዬ ቀናች።

እሳቸው ቀና ሳይሉ "ሱፉ ደረቀ?" አሉ።

ሌላ ቀን ቢሆን መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው። "አያ አሳምነው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ መጥቼ ነው።"

ሰውየው ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ሽታዬ ስትጠይቅ ሰምተው አያውቁማ። እሷም ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችው፤ ልጅቱን፣ ቀሚሱን፣ ያልደረሰውን ጫፍ። የትዕግስትን ቃልም ነገረቻቸው።

"አንቺ ጎኑን ይዘሽ ነው የተነሳሽው" አሉ አያ አሳምነው። "ዳሩን የሚዘጋው ግን ጎኑ አይደለም፤ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ነው። እሱ ደግሞ ይረዝማል። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያስተምረኝ፦ ጎኑ አምስት ጣት ከሆነ ከጥግ ጥጉ ሰባት ነው። አሥር ከሆነ አሥራ አራት።"

"ሃያ ከሆነስ?"

"ሃያ ስምንት። ምነው፣ ቁጥር ጠፋሽ?"

ሽታዬ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መጋረጃው ላይ ለካች። አንዱ ዐይን ጎኑ አሥር ነው፤ ከጥግ እስከ ጥጉ አሥራ አራት ከምናምን ሆነ። "ምናምን አለበት" አለች።

"ምናምኑን ቀርከሃው ይችለዋል" አሉ እሳቸው።

ሮጣ ተመለሰች። አረንጓዴውን ጨርቅ ዘረጋች፣ በጠመኔ ሃያ ስምንት ለክታ አሰመረች፣ መቀሷን አነሳች። አፉን ከፍታ፣ ብረቱ ጨርቁን ሊነክስ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመች።

"ቀርከሃ ስፌት የለውማ!" ብላ ጮኸች።

አያ አሳምነው በጩኸቱ ደንግጠው መጡ። "ምን ሆንሽ?"

"ቀርከሃ ስፌት የለውም አያ አሳምነው! ሃያ ስምንቱ ተሰፍቶ የሚታየው ነው። እኔ ደግሞ በሦስቱም ጎን የሚበላ ስፌት አለብኝ። ጠዋትም የበላኝ እሱ ነው። አሁንም በደገምኩት ነበር፤ እግዜር ነው የያዘኝ!"

መቀሱን ከጨርቁ አርቃ አስቀመጠች። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አመጣች። አያ አሳምነው ሃያ ስምንት ሳንቲ መስመር አሰመሩላት፤ ከመሃሉ ወደ ላይ አሥራ አራት ለክተው ነጥብ አደረጉና ሦስት ማዕዘኑን ዘጉት። ከዚያ ሽታዬ ጠመኔውን ተቀብላ በሦስቱም ጎን በአንድ አንድ ሳንቲ ከውጭ ዞረችበት። አዲሱን ረጅም ጎን ለካችው። ሠላሳ ሦስት።

"አምስት ሳንቲ ጨመረ!" አሉ አያ አሳምነው።

"አንድ ሳንቲ ብቻ የጨመርኩ መስሎኝ! ጫፎቹ ሲሾሉ ነው የሚረዝመው።" ሽታዬ አምስቱን ሳንቲ በዐይኗ ገረፈችው። ጠዋት የጠፋባት ይኸው ነው፤ እዚህ ተደብቆ ነበር።

ግን ገና ነው። ሠላሳ ሦስት ረጅም ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ስምንት ጊዜ ከሰባ በሠላሳ አምስት ጨርቅ እንዴት ይወጣል? ደግሞ በማንኛውም መንገድ ማውጣት አይቻልም። ሽታዬ አንድ ብጣሽ አንስታ ለአያ አሳምነው በሰያፍ ጎተተችላቸው፤ ተለጠጠ። ድሩን ወይም ማጉን፣ የተሸመነበትን ክር ተከትላ ጎተተችላቸው፤ ንቅንቅ አላለም። "አዩ? ዳር የሚሆነው ረጅሙ ጎን ድሩን ወይም ማጉን መከተል አለበት። ካለዚያ ነገ ልጅቷን ሲያቅፏት ይንጠለጠላል፣ ከነገ ወዲያ ይረግባል።"

"እኔም ቀርከሃን በቁመቱ ነው የምሰነጥቀው" አሉ እሳቸው። "ያውቃል፤ በጎን ከመጣሽበት ይሰበርብሻል።"

ሽታዬ አልሰማቻቸውም። በሠላሳ ሦስቱ ላይ አንድ ሳንቲ ለጥንቃቄ ጨምራ፣ ሠላሳ አራት በሠላሳ አራት የሆነ ወረቀት ቆርጣ ከጥግ እስከ ጥግ አጠፈችው። ሦስት ማዕዘን ሆነ፤ ረጅሙ ጎን ግን መሃል ላይ ያለው እጥፋት ነው፤ ሰያፍ። አይሆንም። ደግማ አጠፈችው። ዘረጋችው። ሁለቱ እጥፋት መሃል ላይ ተሻግረው ወረቀቱን ለአራት ከፍለውታል። አራት ሦስት ማዕዘን፤ የአራቱም ረጅም ጎን በወረቀቱ ዳር ላይ ነው።

"አያ አሳምነው። ከአንዱ አራት ይወጣል።"

"ከሁለቱ ስምንት" አሉ እሳቸው።

"ሁለት ጊዜ ሠላሳ አራት?"

"ስልሳ ስምንት።"

ጨርቁ ሰባ ነው። ወርዱ ሠላሳ አምስት። ሽታዬ ሦስት ጊዜ ለካችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰባ ነው፣ ሦስቱንም ጊዜ ሠላሳ አምስት። በርዝመቱ ሁለት ሳንቲ ተረፈ፣ በወርዱ አንድ። ከዚህ ላይ ልጅ እንኳ ቢያስነጥስ የሚጠፋ ትርፍ ነው፣ ግን ትርፍ ነው። አያ አሳምነው ጨርቁን ሊይዙላት እጃቸውን ሲዘረጉ "እንዳይነኩብኝ! እጅዎ ስንጥር ነው!" ብላ ጮኸችባቸው። እሳቸውም ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ተማሪ ቆሙ። ሽታዬ በማርያም ስም ብላ ቆረጠች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ስምንት ሦስት ማዕዘን ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ።

የመጀመሪያውን ሰፋችው። ጫፉ ደረሰ። ሁለተኛው ደረሰ። ስምንተኛው ሲደርስ ሽታዬ መኪናዋን አቁማ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ደስ ሲላት ዝም ትላለች፤ ይኼን ብዙ ሰው አያውቅም። ከዚያ ጨርቁን ዘርግታ ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

"አራቱ ጥግ!" አለች። "ጥጉን ረሳሁት። በምን እዘጋዋለሁ? ይኼው ያለው፣ ሁለት ሳንቲ ክር!"

እውነት ነው፤ ከአረንጓዴው የቀረው የጫማ ማሰሪያ የማያህል ቁራጭ ነው። ሽታዬ ራሷን ይዛ ተነሳች። ይኼኔ ነው አያ አሳምነው ወንበሯን ያዩት። እንቁላል እንዳቀፈች ዶሮ ከጠዋት ጀምራ ተቀምጣ የዋለችባቸው አራቱ ሦስት ማዕዘኖች ተጨማድደው ተኝተዋል።

"እነዚህስ?" አሉ።

"እነሱማ ብልሽቶቹ ናቸው። ትንሽ ናቸው፣ አይደርሱም።"

"ለጎኑ ነው የማይደርሱት። ጥጉ እኮ የጎኑ ግማሽ ነው፤ ለእሱ ይተርፋሉ እንጂ ያንሳሉ?"

ሽታዬ አንዱን ነጥቃ አነሳች። ጥጉን ለካች። ለስፌት የሚተወውን አሁን አትረሳም፣ እሱንም ጨመረች፤ ከአሥራ ስምንት አይበልጥም። ብልሽቶቹ ሃያ ሁለት ናቸው። የእነሱ ደግሞ አጫጭሮቹ ጎኖች ናቸው ድርና ማጉን የተከተሉት፤ ጥግ ላይ ወደ ውጭ የሚውሉት እነዚያው አጫጭሮቹ ናቸው። የተጎተተውና የተርገበገበው ሰያፍ ዳር ተቆርጦ ይወድቃል። አራት ብልሽት፣ አራት ጥግ። ሽታዬ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፤ እስክታለቅስ ሳቀች። "ሳይደግስ አይጣላም" አለች ዐይኗን በመዳፏ እየጠረገች። "አያ አሳምነው፣ የሱፉን ነገር ይቅር ብዬዎታለሁ።"

"እኔም ስድቡን" አሉ እሳቸው። "ግማሹን።"

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ውስጡ ስስ ጥጥ ተነጥፎበት፣ ጀርባው ነጭ አቡጀዴ ተደርጎለት አለቀ። ካውያ አሳለፈችበት። ዳሩ አልተርገበገበም፤ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ ተኛ። በአረንጓዴ የተከበበ አሥራ ሦስት ዐይን። ሽታዬ መንገድ ላይ ለሚያልፍ ባጃጅ ሁሉ ና እይልኝ ልትል ምንም አልቀራትም።

እማማ ይታይሽና ትዕግስት አብረው መጡ። አማቲቱ ገና ከበሩ "ወይ ጉድ!" ብለው አፋቸውን ያዙ። ትዕግስት ግን ልጇን ለአማቷ ሰጠችና ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ጣቷን አንዱ ጥግ ላይ አድርጋ ዳሩን ዙሪያውን ሄደችበት፣ ቀስ እያለች፣ የተከፈተ ቦታ እንደምትፈልግ። አንድ ጎን ጨረሰች፣ ሁለት ጎን ጨረሰች። ሽታዬ አያ አሳምነውን አየች፤ አያ አሳምነው ጣሪያውን አዩ። የትዕግስት ጣት ዞሮ የተነሳበት ጥግ ላይ ደረሰ።

"ገጠመ" አለች።

"ገጠመ እንጂ!" አለች ሽታዬ። ከዚያ ልትዋሽ አልቻለችም፤ ምላሷ ስለት ይሁን እንጂ ሐሰት አታውቅም። "ጠዋት ግን ተበላሽቶብኝ ነበር ትዕግስቴ። መጨረሻው ላይ፣ ልክ እንዳልሽው። ስትመጪ እላዩ ላይ ተቀምጬ ነው የደበቅሁሽ።"

ትዕግስት ቀና አለች። "የተበላሸው የታለ?"

"ጣትሽ ስር ነው። አራቱም ጥግ እሱ ነው።"

ትዕግስት ጣቷን አላነሳችም። ጥጉን ጫን አድርጋ ያዘችው፣ ትንሽ ጎተተችው፤ አልተለጠጠም። ይኼኔ እማማ ይታይሽ ለምራታቸው የሆነ ነገር በአገውኛ በለሆሳስ ነገሯት። እሷም ልጇን ተቀብላ አሥራ ሦስቱ ቤት መሃል ላይ አስተኛቻት። ልጅቱ እግሯን ሁለቴ ወርወር ወርወር አድርጋ፣ ማንም ሳያስበው፣ ሸናችበት። የጥሊሊዋን ቀይ አራሰችው።

"ኧረ! ገና ከጠረጴዛው ሳይነሳ!" አሉ አያ አሳምነው።

"ትሽናበት!" አለች ሽታዬ። "ተሰፍቶ የለ፣ ይታጠባል!"

ሁሉም ሳቁ። እማማ ይታይሽ እየሳቁ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። ትዕግስት ግን ጎንበስ ብላ ልጇን ከራሷ እስከ እግሯ፣ ከእግሯ እስከ አረንጓዴው ዳር ድረስ በስንዝር ትለካ ነበር። ስትጨርስ ግንባሯ ተኮሳተረ።

"እትዬ" አለች፣ "ስታድግ አያጥርባትም?"

እማማ ይታይሽ የምራታቸውን ፊት አዩ። ሽታዬ መልስ የምታጣ ሴት አይደለችም።

"ያጥርባታል እንጂ!" አለች። "ሁለት ዓመት ሳይሞላት እግሯ ይወጣል! ያኔ እጇን ይዘሽ እያስኬድሽ አምጫት፤ እዚሁ አቁሜ ቁመቷን እለካና እጨምርበታለሁ።"

ትዕግስት ልጇን ከነጨርቁ አቀፈቻት።

"እሺ፣ አመጣታለሁ" አለች።